የቡሄ ዳቦና ሁለቱ ኦቨኖች



ነሐሴ 13 ቀን የምናከብረው የደብረ ታቦር በዓል ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በታቦር ተራራ ላይ ለጴጥሮስ፣ ለያዕቆብና ለዮሐንስ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ዕለት መታሰቢያ መሆኑ የታወቀ ነው። በሕዝቡ ዘንድ ደግሞ ዕለቱ ቡሄ ይባላል፤ ቡሄም የዳቦ በዓል ነው። አባቶች ሲተርኩ እንደሰማነው፣ በዚያች ዕለት ከብርሃኑ ታላቅነት የተነሣ መምሸቱ ያልታወቃቸው እረኞች በመስክ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ችቦውም፣ የጅራፉ ጩኸትም፣ ለሆያ ሆዬ ጨፋሪዎች የሚታደለው ሙልሙልም ከዚሁ ትውፊት ጋር ተያይዞ ሲነገር ኖሯል።

ስለዚህ በቡሄ ዋዜማ በየቤቱ የሚጠየቀው ጥያቄ ዱሮ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም «ሊጡ ኩፍ ብሏል ወይ?» የሚለው ነው። ዛሬ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ተጨምሯል። በከተማ በብዙ ቤቶች ምጣዱና ፍሙ በኤሌክትሪክ ኦቨን እየተተካ በመሄዱ፣ በገበያ የሚቀርቡት ኦቨኖችም ተራና ባለ ማራገቢያ ተብለው በሁለት የተከፈሉ በመሆናቸው፣ «የበዓሉን ዳቦ በየትኛው እንጋግረው?» የሚሉ እናቶችና እኅቶች በርክተዋል። እኛም የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘነው በራሳችን ማዕድ ቤት፣ ያውም በዋዜማ ምሽት፣ ከአንድ ትልቅ ዳቦ መበላሸት ነውና፣ ያገኘነውን ትምህርት በዛሬው ዕለት ልናካፍላችሁ ወደድን።

በዋዜማው ምሽት የሆነው

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በቤታችን ሲያገለግል የኖረው ተራ ኦቨን አርጅቶ ስለ ነበር፣ ከውስጥ በኋላ ግድግዳው ላይ ማራገቢያ የተገጠመለት አዲስ ኦቨን ገዛን። የገዛነው በፍልሰታ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ነበርና የመጀመሪያ ሥራው የቡሄን ዳቦ መጋገር ሆነ። በሁለት ኪሎ ዱቄት የተቦካውን ድፎ እንደ ወትሮው በኮባ ቅጠል ሸፍነን፣ እንደ ወትሮው በ200 ዲግሪ፣ እንደ ወትሮው አንድ ሰዓት እንዲቆይ አስበን አስገባነው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ ሰማን። በመስተዋቱ ስንመለከት ማራገቢያው የላይኛውን ኮባ አንሥቶ ከኦቨኑ ጣሪያ ጋር ሲያማታው አየን። በግማሽ ሰዓት የዳቦው ፊት ቡናማ ሆነ፤ በአርባ ደቂቃ ጠቆረ። «አዲሱ ኦቨን እንዴት ፈጣን ነው!» ብለን እያደነቅን አወጣነው። በቢላዋ ስንከፍተው ግን መካከሉ ገና ሊጥ ነበር።

በዚያችው ቅጽበት የሰፈር ልጆች ዱላቸውን ከመሬት እየመቱ ከደጃችን ደረሱ። በቡሄ ዋዜማ ደጅ ድረስ የመጣን ልጅ «ዳቦው አልበሰለም» ብሎ መመለስ ምን ያህል እንደሚያሳፍር፣ ወጉን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ድፎ በመድፋት የታወቁ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን በመካከሉ መጡና፣ የተበላሸውን ዳቦ አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ እሳቱ ምን በደለ? ነፋስ ላይ ድፎ ይደፋል እንዴ? የተረፈ ሊጥ ካላችሁ ሙልሙል አድርጉት» አሉን።

እንዳሉትም አደረግን። በተረፈው ሊጥ ሃያ አራት ሙልሙል ተድቦልቡሎ፣ በሦስት ትሪ ተደርድሮ ባንድ ጊዜ ገባ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የሦስቱም ትሪ ሙልሙል አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ወጣ። ልጆቹም በትዕግሥት ጠብቀው ነበርና ድርሻቸውን ትኩሱን ተቀብለው፣ መርቀውን ሄዱ።

እነሆ፣ ያው አንድ ኦቨን፣ በዚያው አንድ ምሽት፣ ከአንድ ቡኮ የወጣውን ሊጥ ድፎ ሲሆን አበላሸው፤ ሙልሙል ሲሆን ግን አሳመረው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የሁለቱን ኦቨኖች ልዩነት ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘንም።

ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት

ጥንት እናቶቻችን ድፎ ሲደፉ በጉልቻ ላይ የሸክላ ምጣድ ይጥዱና ኮባ ያነጥፉበታል። ሊጡን በኮባው ላይ አፍስሰው እንደገና ኮባ ያለብሱታል። ከዚያም በሌላ ምጣድ ወይም በቆርቆሮ ይከድኑትና በክዳኑ ላይ ፍም ይቆልሉበታል። መከራ የተደራረበበት ሰው «እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ነደደብኝ» ማለቱ ከዚሁ የመጣ ነው።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሙቀት በሁለት መንገድ ወደ ሊጡ ይደርሳል። ከታች ያለው ሙቀት በመነካካት፣ ከእሳቱ ወደ ሸክላው፣ ከሸክላው ወደ ኮባው፣ ከኮባው ወደ ሊጡ ይሸጋገራል። ከላይ ያለው ደግሞ በጨረር ይመጣል፤ እጃችንን ወደ ፍም ስናስጠጋ ሳንነካው የሚሰማን ሙቀት ማለት ነው። በዚያ በተከደነ ምጣድ ውስጥ ነፋስ የለም። ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎት በኮባው ታፍኖ ስለሚቀር የዳቦው ፊት ለረጅም ጊዜ ለስላሳ እንደ ሆነ ይቆያል፤ ሊጡም እስኪበቃው ድረስ ሳይሰነጠቅ ያብጣል።

እርግጥ ነው፣ ይህ ጥበብ ድካሙ ቀላል አልነበረም። ቡሄ የሚውለው በክረምት በመሆኑ እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ጢሱ ዓይን ያነዳል፣ ደረትን ይጎዳል። ፍሙንም ከላይ ከታች እያመጣጠኑ ለረጅም ሰዓት አጎንብሶ መቆየት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ኦቨን በየቤቱ የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ተራው ኦቨን በአሠራሩ ከተከደነው ምጣድ ብዙም አይርቅም። ከታች አንድ፣ ከላይ አንድ የማሞቂያ ሽቦ አለው። ሽቦዎቹና የጋሉት ግድግዳዎች ጨረራቸውን ወደ ምግቡ ይልካሉ፤ የተነጠፈበት ትሪ ከሥር በመነካካት ያሞቀዋል፤ በውስጡ ያለው አየርም በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይዘዋወራል። የሞቀ አየር ወደ ላይ የሚወጣ በመሆኑ ግን የላይኛው መደርደሪያ ከታችኛው ይልቅ ይግላል። በተራ ኦቨን ሁለት ትሪ ባንድ ጊዜ ያስገባች ባለሙያ የላዩ ሲጠቁር የታቹ ነጭ ሆኖ የሚቀርባት በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ትሪ፣ በመካከለኛው መደርደሪያ ለሚጋገር ድፎ ግን ተራው ኦቨን የምጣዱ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ የእናቶቻችን ልምድ ብዙ ሳይለወጥ ይሠራበታል።

ማራገቢያው የሚሠራው ሥራ

ባለ ማራገቢያው ኦቨን፣ በፈረንጆቹ አጠራር ኮንቬክሽን ኦቨን የሚባለው፣ ሦስተኛውን የሙቀት መንገድ ያጎላል፤ ይኸውም በአየር ጉዞ የሚደርሰውን ነው። የማራገቢያውን ሥራ ለመረዳት ከማዕድ ቤት መውጣት አያስፈልግም። ትኩስ ሾርባ የቀረበለት ሰው እፍ ይልበታል። ለምን ቢሉ፣ በሾርባው ፊት ላይ ያንዣበበውን ሞቃት አየር ገፍቶ በቦታው ቀዝቃዛ አየር ለመተካት ነው። በደጋ አገር ነፋስ ሲነፍስ ብርዱ የሚበረታብንም፣ በገላችን ዙሪያ እንደ ስስ ነጠላ የሸፈነንን ሞቃት አየር ነፋሱ ስለሚገፍፍብን ነው።

በኦቨን ውስጥ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ቀዝቃዛ ሊጥ ወደ ጋለ ኦቨን ሲገባ፣ በዙሪያው ከኦቨኑ አየር የቀዘቀዘና በእንፋሎት የራሰ ስስ የአየር ሽፋን ይይዛል። ይህ ሽፋን ሙቀቱ በቀጥታ እንዳያገኘው ይከላከልለታል። ማራገቢያው ሲዞር ያንን ሽፋን ይገፍፍና በቦታው የጋለ ደረቅ አየር ያመጣል። ስለዚህ የኦቨኑ ሙቀት በዲግሪ ተመሳሳይ ቢሆንም ወደ ምግቡ የሚገባው ሙቀት ይበዛል። ደግሞም አየሩ ያለማቋረጥ ስለሚዘዋወር የላይኛውና የታችኛው መደርደሪያ ሙቀት ተቀራራቢ ይሆናል።

የሞቀ አየርን በምግብ ላይ የመንዳት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ካውንት ራምፎርድ በመባል የሚታወቀው ሊቅ ቤንጃሚን ቶምፕሰን፣ በጡብ መካከል የተቀበረ የብረት መጥበሻ ሠርቶ፣ ከሥሩ ባሉ ቱቦዎች የጋለ አየር በሥጋው ላይ እንዲያልፍ አድርጎ ነበር። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ግን የተሠራው ከረጅም ዘመን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ዊልያም ማክሰን የተባለ አሜሪካዊ፣ በአውሮፕላን ላይ በበረዶ የደረቀ ምግብ ለማሞቅ የሚያገለግል «ዊርልዊንድ»፣ ማለትም ዐውሎ ነፋስ፣ የሚል ስም የተሰጠው ኦቨን ሠራ። በዛሬው ጊዜ በየሱቁ የምናየው ኤር ፍራየርም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ስሙ ገነነ እንጂ፣ በአሠራሩ ጠባብ ሆድና ብርቱ ማራገቢያ ያለው ትንሽ ኦቨን ነው።

ሙልሙልና ድፎ ለምን ተለያዩ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። ማራገቢያው ሙቀትን እስከ ዳቦው ቆዳ ድረስ ፈጥኖ ያደርሳል። ከቆዳው ወደ ውስጥ የሚደረገውን ጉዞ ግን አያፋጥነውም። በሊጡ ውስጥ ሙቀት የሚተላለፈው በራሱ አካሄድ፣ ከንብርብር ወደ ንብርብር፣ ቀስ እያለ ነው። የሊጡ ውፍረት ሲጨምርም የሚፈጀው ጊዜ ከውፍረቱ ይልቅ በብዙ ይጨምራል፤ ውፍረቱ በእጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ ወደ መካከል ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

ሙልሙል ትንሽ ነው። ከቆዳው እስከ ልቡ ያለው መንገድ አጭር በመሆኑ ፊቱ ቡናማ ሲሆን መካከሉም ይደርሳል። ለእርሱ የማራገቢያው ፍጥነት ሲሳይ ነው። ድፎ ግን ወፍራም ነው። ማራገቢያው ፊቱን በግማሽ ሰዓት ሲያደርሰው፣ ልቡ ገና የመንገዱ አጋማሽ ላይ ነው። ፊቱን ዓይቶ «ደረሰ» ያለ ሰው እንደ እኛ ይታለላል።

ሁለተኛው ምክንያት መድረቅ ነው። በነፋስ የተሰጣ ልብስ ፈጥኖ እንደሚደርቅ ሁሉ፣ በነፋስ የተጋገረ ሊጥም ፊቱ ፈጥኖ ይደርቃል። የደረቀ ቆዳ አይለጠጥም። በውስጥ ያለው ሊጥ ለማበጥ ሲገፋው በጎን በኩል ይሰነጠቃል፣ ወይም ታፍኖ ክብድ ያለ ዳቦ ይሆናል። የኮባው ቅጠል አንዱ ሥራ ይህን መከላከል ነበር። ማራገቢያው ኮባውን ሲያነሣብን ታዲያ የድፎውን ልብስ ገፈፈው ማለት ነው። የአረጋዊቷ ጎረቤታችን «ነፋስ ላይ ድፎ ይደፋል እንዴ?» የሚለው ቃል ምን ያህል የጠለቀ ዕውቀት እንደ ነበረበት የተረዳነው ይህን ሁሉ ካገናዘብን በኋላ ነው።

ለማዕድ ቤቱ የሚሆን ምክር

ከሁሉ አስቀድሞ በኦቨናችሁ መቆጣጠሪያ ላይ ያሉትን ምልክቶች ተመልከቱ። ከላይና ከታች ሁለት መስመር ብቻ ያለው ምልክት ተራውን አሠራር ያመለክታል። በክብ ውስጥ የማራገቢያ ሥዕል ያለው፣ በማራገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመ የራሱ ማሞቂያ ሽቦ እንደሚሠራ ይገልጻል። ማራገቢያውና ሁለቱ መስመሮች ባንድነት የተሳሉበት ደግሞ የላይና የታች ሽቦዎች በማራገቢያ እየታገዙ መሥራታቸውን ያሳያል። እኛ ያን ምሽት ይህን ሳናጤን ነበር ሥራ የጀመርነው። ማራገቢያውን አጥፍቶ ኦቨኑን እንደ ተራ ማሠራት እንደሚቻል ያወቅነው በማግሥቱ መመሪያውን ስናነብ ነው።

ለተራ ኦቨን የተነገረን ልክ ወደ ባለ ማራገቢያው ስናዛውር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀነስ የተለመደ ነው። ዲግሪውን ሳይቀንሱ ጊዜውን በሩብ ያህል ማሳጠርም ይቻላል፤ ለዳቦ ግን የሚሻለው ዲግሪውን መቀነስ ነው። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ መቀነስ ዳቦውን ጥሬ ያስቀረዋል።

ለሙልሙል፦ 100 ግራም ያህል ክብደት ያለውን ሊጥ በተራው ኦቨን በ200 ዲግሪ 25 ደቂቃ ያህል፣ በባለ ማራገቢያው በ180 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ጀምሮ መመልከት መልካም መነሻ ነው። በባለ ማራገቢያው ሁለት ሦስት ትሪ ባንድ ጊዜ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን አየሩ መተላለፊያ እንዲያገኝ በትሪዎቹ መካከልና ከግድግዳው በኩል ክፍት ቦታ ይተው። ኦቨኑ ሲሞላ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል። ከማራገቢያው ፊት ለፊት ያለው ጥግ ቀድሞ የሚጠቁር ከሆነም በመካከሉ ትሪውን ማዞር ነው።

ለድፎ፦ ማራገቢያውን ማጥፋት የሚቻል ከሆነ ይጥፋ። በአንድ ኪሎ ዱቄት የተቦካ ድፎ በ180 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል በኮባው እንደ ተሸፈነ ይቆይ። በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ኮባውን ከላዩ አንሥቶ ማራገቢያውን ማስነሣት ፊቱን ያሳምረዋል። ማራገቢያው የማይጠፋ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዲግሪውን ወደ 160 ማውረድ፣ ኮባውንም እንዳይነሣ ጫፉን ከሊጡ ሥር መወሸቅ ወይም በብረት ክዳን መክደን ይገባል። ክዳኑ ነፋሱን ስለሚከለክል ድፎው ወደ ጥንቱ ምጣድ ተመለሰ ማለት ነው።

የትሪው ቀለም እንኳ ለውጥ ያመጣል። ጥቁር ትሪ ጨረር ስለሚስብ በተራው ኦቨን የዳቦውን ሥር ፈጥኖ ያጠቁራል፤ የሚያብለጨልጭ ትሪ ግን ጨረሩን ይመልሳል። በባለ ማራገቢያው ሙቀቱን በይበልጥ የሚያመጣው አየሩ በመሆኑ ይህ ልዩነት ይጠባል።

ኦቨኑ የቱ ጋ እንደሚበረታ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ከበዓሉ ቀናት በፊት የተቆረጠ ዳቦ በመደርደሪያው ላይ በሙሉ ደርድሮ ጥቂት ደቂቃ ማቆየትና የትኛው ቀድሞ እንደሚጠቁር ማየት ነው። የኦቨኑን ጠባይ በዋዜማ ምሽት በድፎ ከመፈተን በቁራሽ ዳቦ መፈተን ይሻላል።

የጾም ሊጥና የደጋ አገር ነገር

ቡሄ የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ በመሆኑ ሊጡ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይገባበትም። ይህም ከኦቨኑ ጋር ግንኙነት አለው። ዳቦ ቡናማ መልክና መዓዛ የሚያገኘው በሊጡ ውስጥ ያሉ ስኳርና ፕሮቲን በሙቀት ሲዋሐዱ ነው። ይህን ውሕደት እ.ኤ.አ. በ1912 ያብራራው ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር ስለሆነ በስሙ ይጠራል። ወተትና እንቁላል ለዚህ መልክ ትልቅ እገዛ አላቸው። የጾም ሊጥ ግን እነርሱን ስለሌለው በተራው ኦቨን ነጣ ብሎ ሊወጣ ይችላል። መልክ እስኪይዝ እየተባለ ብዙ ሲቆይም ይደርቃል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ማራገቢያውን ማስነሣት ለጾም ዳቦ በተለይ ይጠቅማል። ጥቂት ስኳር የሟሟበት ውኃ ፊቱን መቀባትም እንዲሁ መልክ ይሰጠዋል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እርጥበት ያለው የዳቦ ልብ ደግሞ ውኃ ከሚፈላበት ልክ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ የውጭ አገር መጻሕፍት «የዳቦው መካከል 95 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ» ቢሉ፣ በእኛ ከተማ ያን የሚጠብቅ ሰው ዳቦውን ያደርቀዋል። በአዲስ አበባ መካከሉ 90 ዲግሪ ያህል ከደረሰ በስሏል። የሙቀት መለኪያ የሌለው በስንጥር መውጋት፣ ሥሩንም በጣት መምታት ይችላል፤ ስንጥሩ ደርቆ ከወጣ፣ ሥሩም እንደ ከበሮ ካስተጋባ ደርሷል። በደጋ አገር ሊጥ ፈጥኖ የማበጥ ጠባይ ቢኖረውም የክረምቱ ብርድ ስለሚያዘገየው፣ ሰዓት ሳይሆን ሊጡን ራሱን ማየት ነው የሚያዋጣው።

ይህ ነገር በባሕር ማዶ የሚኖሩ ልጆቻችንንም ይመለከታል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉ ወገኖቻችን የቡሄን ዳቦ ሲጋግሩ አዲስ አበባ ወዳሉት እናቶቻቸው ደውለው ልክ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። እናት «በ180 አድርጊው» ትላለች፤ የልጅቱ ኦቨን ግን የሚቆጥረው በፋራናይት ነው። በ180 ፋራናይት ሊጥ ይሞቅ ይሆናል እንጂ ዳቦ አይሆንም። የእናትየው 180 ሴንቲግሬድ በልጅቱ ኦቨን ወደ 355 ፋራናይት ይጠጋል። ባለ ማራገቢያ ከሆነ ደግሞ 25 ፋራናይት ያህል ይቀነሳል። አንዳንዶቹ የአሜሪካ ኦቨኖች የማራገቢያው ቁልፍ ሲነካ ይህን ቅናሽ ራሳቸው ስለሚያደርጉ፣ ሁለት ጊዜ እንዳይቀነስ መመሪያውን ማየት ያሻል። ኮባ በማይገኝበት አገር የሙዝ ቅጠል ቦታውን ይተካል፤ እርሱም በማራገቢያ እንዳይነሣ እንደ ኮባው መወሸቅ አለበት።

መብራትና ወጪ

ብዙ አንባብያን «የትኛው መብራት ይቆጥባል?» ብለው እንደሚጠይቁ እናውቃለን። የቤት ኦቨን በአብዛኛው ከ2,000 እስከ 3,000 ዋት ይወስዳል። ማራገቢያው ራሱ የሚወስደው ግን ከአንድ የዱሮ አምፖል የማይበልጥ ነው። ቁጠባው የሚገኘው ሙቀቱ ዝቅ፣ ጊዜውም አጠር ከማለቱ፣ ከሁሉም በላይ ብዙ ትሪ ባንድ ጊዜ ከመግባቱ ነው። ሃያ አራቱ ሙልሙል በተራው ኦቨን በሦስት ዙር ቢጋገር ኖሮ ከአንድ ሰዓት በላይ በፈጀ ነበር። አንድ ድፎ ብቻ ለሚጋግር ቤት ግን በዚህ ረገድ ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ለእርሱ ሲባል ደኅናውን ተራ ኦቨን ጥሎ አዲስ መግዛት አያስፈልግም።

መብራት በመካከሉ ቢጠፋ የሁለቱም መፍትሔ አንድ ነው፤ የኦቨኑን በር አለመክፈት። የጋለው ግድግዳ ለተወሰነ ጊዜ ሙቀቱን ይሰጣል። ኮባ የለበሰው ድፎ ይህን ጊዜ ሳይደርቅ ያሳልፋል።

አዲስ ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብ ካለ ግን ምክራችን አጭር ነው። ባለ ማራገቢያ የሆነውን፣ ማራገቢያውም ለብቻው የሚጠፋውን ይምረጥ። እንዲህ ያለው ኦቨን በአንድ ዋጋ የተገዛ ሁለት ኦቨን ነው። ለሙልሙል፣ ጾሙ ሲፈታም ለሚጠበሰው ሥጋ ነፋሱን ይሰጣል፤ ለድፎ ደግሞ ጸጥታውን።

እኛም ከዚያ ምሽት በኋላ በመጣው ቡሄ እንዲሁ አደረግን። ቀድሞ ሙልሙሉ በሦስት ትሪ፣ በማራገቢያ ተጋገረ፤ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት በሞሰብ ተሞልቶ ይጠብቃቸው ነበር። ከዚያም ማራገቢያው ጠፋ፤ ድፎው ኮባውን ለብሶ፣ በጸጥታ፣ ከላይም ከታችም በሚመጣ ሙቀት አንድ ሰዓት ተቀመጠ። ያን ዕለት የመጀመሪያውን ቁራሽ ያቀረብነው ለአረጋዊቷ ጎረቤታችን ነበር። መካከሉን በጣታቸው ተጭነው፣ ተመልሶ ሲነሣ አይተው፣ «ይኸው! አሁን እሳቱን አወቃችሁት» ብለው መረቁን።

ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም እንደሚባለው፣ ከዚህ በዓል በኋላ ሰማዩ እየጠራ፣ አዲሱ ዓመትም እየቀረበ ይሄዳል። ለርእሰ ዐውደ ዓመቱም፣ ለመስቀሉም ድፎ መደፋቱ አይቀርምና ይህች ትምህርት እስከዚያ ትቆያችሁ። ሊጣችሁ ኩፍ ይበል፤ ዳቦአችሁ ይብሰል፤ ደጃችሁም ሆያ ሆዬ የሚል ልጅ አይጣ። መልካም በዓል!